አራተኛው እርከን

ቅዳሜ፣ ግንቦት 7 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ሶዶ

ትናንት ክፍል ውስጥ ሳስተምር የጣለው ዝናብ አራተኛውን እርከን ናደው። ዛሬ ጠዋት ወርጄ ሳየው አፈሩ ከነበቆሎው ከታች ባለው የጎረቤቴ የአቶ ዳና እንሰት ላይ ተኝቷል። ከሚስቴ ከማርታ ጋር የሠራናቸው ሦስቱ ግን አንድ ድንጋይ አልጎደለባቸውም።

አቶ ዳና አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ካቡን አዩና፣ «መምህር፣ ጀርባውን በጠጠር አልሞላኸውም እንዴ?» አሉኝ።

«ረሳሁት» አልኳቸው።

«እሷ ብትኖር አትረሳም ነበር» አሉ፤ ወዲያው ግን በመናገራቸው አዘኑ።

እውነታቸውን ነው። እኔ ትልልቁን ድንጋይ ከፊት ስደረድር፣ ውሃው ካቡን ሳይገፋ እንዲያልፍ ከኋላ ጠጠር የምትጠቀጥቀው ማርታ ነበረች። መንገደኛው የሚያመሰግነው ግን እኔን ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን አልረሳሁም። ለአራተኛው የሚሆነውን ጠጠር ማርታ ከመታመሟ በፊት ለቅማ፣ በቅርጫቷ ሞልታ ከበሩ ኋላ አስቀምጣው ነበር። የካቲት ላይ ካቡን ስሠራ ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ መለስኩት። አንዴ ከገለበጥኩት መልሶ የሚሞላው የለም። ሌላ ጠጠር ልልቀም ብል ደግሞ የእሷን አልፈልግም ማለት መሰለኝ። የካቡን ጀርባ እንዲሁ ባዶውን ተውኩት።

አቶ ዳና ሰኞ ከትምህርት መልስ አብረን እንድንክበው ነግረውኛል፤ «ጠጠር ብቻ አዘጋጅ» ብለዋል። የዳሞታ ተራራ እንደገና በዝናብ ደመና ጠቁሯል።

እስከ ሰኞ ግን ቅርጫቱ ሙሉ ነው።