ቤዛዊት፣ ሦስቱ እንጨቶችና የሰው መኪና

ግንቦት 5

ጉልበቴ ዛሬም አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ጋደም ብዬ ነበር… ጓ! ደግሞ ጓ! ቤዛዊት ናት። የልጅ ልጄ። አሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ከታችኛው ቤት ከነራዚያ ልጆች ጋር ፓርኪንጉ ላይ ክሪኬት ትጫወታለች። ፓኪስታኖቹ ናቸው ያስለመዷት። የቴኒስ ኳስ በጥቁር ቴፕ ይጠቀልላሉ። አንዱ ጣውላ ይዞ የቆሻሻ በርሜሉ ፊት ይቆማል፣ እሷ ሮጣ መጥታ ክንዷን ሳታጥፍ ትወረውራለች። ጣውላው ኳሷን ከሳታት በርሜሉ ይጮኻል። ጨዋታው ይኸው ነው። ጎረቤት ሁሉ በጆሮው ያውቀዋል።

ጋሽ ተስፋማርያም በስተርጅና ፊደል ሲያስቆጥሩኝ፣ "ያናደደሽን ጻፊው፣ እጅሽ ይፍታታል" ይሉኝ ነበር። እዚህ ሕንፃ ውስጥ እየኖሩ እጅ እንዴት አይፍታታ?

ግንቦት 9

የክሪኬት ክለብ የሚባል ነገር እዚህ አሜሪካ፣ እኛ ወዳለንበት ወደ ሪችፊልድ መጣ። መናፈሻው ላይ ልጆች ሞከሩ፣ ቤዛዊትም ሞከረች። በርሜል የለም፤ እውነተኛው ሦስት እንጨት ነው የሚተከለው። ነቀለችው አሉ። አሠልጣኙ በነጻ ትምጣ አለ። ሰኔ ላይ የስቴቱን የሴት ልጆች ቡድን ይመርጣሉ…

"ክለባችን ለሁሉም ክፍት ነው" ብሏታል ለልጄ ለቲጂ። ሜዳው የት ነው? አውቶቡስ የማያውቀው ሰፈር። በሩ ክፍት ነው፤ መንገዱ ነው የሌለው።

ቤዛዊት ኳሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ራት በላች። ያላየሁ መስሏታል።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ቲጂ ከሌሊት ሥራዋ እንደወጣች ድራይቭ አድርጋ አደረሰችን። እዚያው መሪው ላይ ተኛች። እኔ ወርጄ አየሁ።

ልጆቹ ጎማ ያለው ሻንጣ ይጎትታሉ፣ ቦሌ ኤርፖርት የሚሄዱ ይመስል። ሄልሜቱ፣ ጓንቱ፣ እንደ ፍራሽ የወፈረው የእግር መከላከያ… ለጨዋታ ነው ለጦርነት? በበረዶው ወራት ደግሞ አዳራሽና የግል አሠልጣኝ አላቸው። እናቶቹ መጠጫ ማስቀመጫ ያለው ወንበር ላይ ተደላድለዋል። እኔ ሣሩ ላይ።

ቤዛዊት የአንዷን ልጅ እንጨት ነቀለችው። የልጅቷ እናት ካቪታ ትባላለች። ወላጆቿ ከሕንድ፣ ራሷ የልብ ሐኪም፣ ደግ ሴት። "ናቹራል ናት!" አለችኝ። ተፈጥሮዋ ነው ማለቷ ነው። የነሱ ልጆች ለፍተው፣ ተምረው ይችላሉ፤ የኛዋ እንደ ፍየል ግልገል ስትወለድ ጀምሮ ትዘላለች። ያ ፓርኪንግ ላይ ያ ሁሉ ጓ ጓ ምን ነበር ታዲያ?

ከዚያ፣ "በእናንተ በኩል ነው የማልፈው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልውሰዳት?" አለች።

"ኖ ኖ፣ አንቺን ማስቸገር… እኛ እንችላለን" አልኳት። ደግማ ትጠይቀኛለች፣ እኔም ትንሽ አንገራግሬ እሺ እላለሁ ብዬ ሣሩን እያየሁ ጠበቅሁ።

"ኦኬ!" አለች። ፈገግ ብላ ሄደች።

ኦኬ?! አንዴ ብቻ "ብሉ" የሚል ሰው ባይበሉለት የሚወድ ነው።

ግንቦት 23

ቤዛዊት ልምምድ አልሄደችም። ቲጂ ዳብል ሺፍት ላይ ናት፣ ሌሊትም ቀንም።

"ግራንድማ፣ ዩ ሴድ ኖ!"

"ኖ ያልኩት ለወጉ ነው።"

"እሷ ወጉን በምን ታውቃለች?" ይቺን በአማርኛ። ስትናደድ አማርኛዋ ይቃናል።

"አፍሽን ያዢ" አልኳት። ይኸም መልስ ከሆነ…

ግንቦት 26

አሠልጣኙ ለቲጂ ደወለ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ግን ኮሚትመንት ያስፈልጋል። ምርጫው ሰኔ 7 ነው። ከልምምድ የቀረ ልጅ ይቸግራል።

"ኮሚትመንት ምንድን ነው?" አልኳት ቲጂን።

"ሳያቋርጡ መምጣት።"

አሃ። መኪና ማለት ነው።

ቲጂ ይህን እየነገረችኝ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣላት። ኮሚትመንት የላትም።

ግንቦት 28

ራዚያ ሩዝ ይዛ ወጣች። እንደ ልማዴ "አይ፣ በልተናል" አልኳት። ያልሰማች መሰለች። እንደገና እምቢ አልኩ። ሳህኑን ደረቴ ላይ ለጠፈችው። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርባሪ ነው፣ ግን ሰው ናት። የካቪታን ነገር ስነግራት እስኪያስላት ሳቀች።

"ካቪታ እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ አድጋ። ኖ አልሽ፣ ኖ ሰማች። እናቷ ብትሆን በእጅሽ ጎትታ መኪናው ውስጥ ትከትሽ ነበር።"

"እና ምን ላድርግ?"

"ደውዪላታ! መጀመሪያ ግን ብዪ፣ ሩዙ ይቀዘቅዛል።"

መደወል? እኔ? ሰው እምቢ ብሎ ተመልሶ ይለምናል?

ግንቦት 30

ይኸም ቅዳሜ አለፈ። ቤዛዊት ብቻዋን በርሜሉን ስትደበድብ ዋለች። ጣውላ የያዘ እንኳ ፊቷ የለም። ጓ። ጓ። ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ባሰብኝ።

"ቤዛዊት፣ ነይ ወደ ላይ ውጪ። ስልኩን ስጪኝ።"

"ካቪታ፣ ቢፎር አይ ሴድ ኖ። ናው የስ።" እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬን ቧጥጦ ነው የወጣው።

"ኦፍ ኮርስ!" አለች።

ይኸው ነው? ይህን ያህል ቀላል ነበር? እንዲያውም የበለጠ ተናደድኩ።

ሰኔ 7

ካቪታ ሁለታችንንም ወሰደችን። መኪናዋ ከቤታችን ሳሎን ይሰፋል።

ቤዛዊት እንጨት ስትነቅል ዋለች። የካቪታን ልጅም ደግማ ከጨዋታ አስወጣቻት። ከዚያ ስም ተጠራ። የካቪታ ልጅ ገባች። ቤዛዊት ተጠባባቂ።

"ሁለት ቅዳሜ ቀርታለች" አለ አሠልጣኙ፣ ጫማውን እያየ። "በበረዶው ወራት አዳራሽ ብትሠራ፣ በሚቀጥለው ዓመት…"

ያስወጣችው ቀረች፣ የወጣችው ገባች። ተጠባባቂ! መጠበቅ ላይማ ማን ይቀድመናል? ቤዛዊት አላለቀሰችም። በቴፕ የተጠቀለለች ኳሷን ከኪሷ አውጥታ ታገላብጣለች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ካቪታ መጣች። እውነት አዝናለች፣ አልዋሽባትም። እጄን ያዘች። "ማድረግ የምችለው ነገር ካለ፣ ማንኛውም ነገር፣ ንገሪኝ።"

ይቺን አውቃታለሁ። ሆስፒታል ወለል ስወለውል በኖርኩበት ዘመን ስንቱ ብሎኛል። "ታንክ ዩ፣ ዩ አር ሶ ካይንድ" ብሎ መለያየት ነው ወጉ። ማንም መልስ አይጠብቅም። ለካ እነሱም ወግ አላቸው!

"አለ" አልኳት። "አዳራሹ። በበረዶው ወራት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከልጅሽ ጋር፣ ልጅሽን ከሚያሠለጥነው ሰው ዘንድ። ሻንጣም የላትም… የልጅሽ አሮጌው ይበቃል።"

እያስተረጎምኳት የቤዛዊት ጆሮ ቀላ። ካቪታ ዓይኗ ተርገበገበ። ሣሩን አየች። አወቅኋት፤ "ግን አትቸገሪ" እስክላት እየጠበቀች ነው።

አላልኩም።

"…ኦፍ ኮርስ" አለች።

"ኦኬ!" አልኳት። ፈገግ ብዬ።

ኅዳር 13

ቅዳሜ። በረዶ።

የካቪታ መኪና ታች ጡሩምባ ነፋች። ቤዛዊት የሌላ ልጅ ስም የተጻፈበት ሻንጣ እየጎተተች ወረደች። ለካቪታ ትኩስ ዳቦ ልኬያለሁ። "ኖ፣ ታንክስ" ካለች ጭኗ ላይ አስቀምጪላት ብያለሁ። ትልመድ።

በርሜሉን በረዶ ውጦታል። ፓርኪንጉ ጭጭ። ጋደም አልኩ…

እንቅልፍ እምቢ አለኝ።