ጳጉሜን ስድስትን የሰረዝን አምስታችን

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2007

የካርድ ክፍሏ ጽጌ ከካራቆሬ ጤና ጣቢያ ደውላ ጮኸችብኝ። «ኮምፒውተሩ ጳጉሜን ስድስት የሚባል ቀን የለም ይላል! የዓርብ ቀጠሮዎች በሙሉ ጠፍተዋል!» ሰው ሁሉ በሩፋኤል ዝናብ ሲታጠብ እኔ ሸዋ ሮቢት፣ የጽሕፈት ሱቄ ውስጥ ላቤን እጠርጋለሁ። ጤና ጣቢያው ቀጠሮ የሚይዝባትን ቀን ቆጣሪ ፕሮግራም የሠራናት አምስት የክፍል ጓደኛሞች ነን። ኮዷ ክፍት ነው፤ የፈለገ በነጻ ይወስዳታል። በክረምቱ ከአምስታችን አንዱ፣ ደሳለኝ፣ አንድ መስመር «አሳመረ»፤ እንደ ፈረንጆቹ ለአራት ለሚካፈል ዓመት ስድስት ጳጉሜን ሰጠው። የእኛ ስድስት ግን ዘንድሮ ነው፣ በዘመነ ሉቃስ! አራታችን «አይቼዋለሁ» ብለን አሳለፍነው። ማንም አላየውም። ከአሳላፊዎቹ የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው።

ከዓርብ ባለቀጠሮዎች አንዱ እዚያው ካራቆሬ የሚኖሩት አጎቴ ጋሼ ይመር ናቸው። የሚጥል በሽታ አለባቸው። ኪኒናቸው ሐሙስ ያልቃል።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 4

ለቡድኑ ጻፍኩ። መልስ፦
ሐና፦ የአደይ አበባ ሥዕል።
ሰሎሞን፦ «ማነው ያሳለፈው?» (አንተ!)
ቢንያም፦ የአውራ ጣት ምልክት።
ደሳለኝ፦ «የጋራችን አይደለች እንዴ? አስተካክያታ።»

የጋራ! የተስተካከለው ቅጂ የሚለቀቅበት የይለፍ ቃል እሱ ጋ ብቻ ነው። አንድ የማላውቀው ሰው ደግሞ «በነጻ ነው ብላችሁ ትቀልዱብናላችሁ? ሰነፎች!» ብሎ ጻፈልን። እስከ ዛሬ ሲጠቀምባት አንድ ቀን አመሰግናለሁ አላለም።

ሐሙስ፣ ጳጉሜን 5

መብራት የመጣው ከሰዓት ነው። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አስተካከልኳት። ድል! ደሳለኝ ላንጋኖ ነው፤ በስንት ጥሪ አነሳ። «ተይ እንጂ እቱ፣ ለአንድ ቀን ነው፤ ቅዳሜ ራሷ ትስተካከላለች» ብሎ ሳቀ። ከጎኑ ሴት ትስቃለች። ሚስቱ አዲስ አበባ ናት ተብዬ ነበር... ይቅር፣ አያገባኝም። ለጽጌ ያስተካከልኩትን ልላክልሽ ብላት፣ «በይፋ ያልወጣ እንዳታስገቢ ብሎኛል አለቃዬ» አለች። ለጋሼ ይመር ደወልኩ፦ «ነገ በማለዳ እመጣለሁ፤ ሳልደርስ ጤና ጣቢያ እንዳይሄዱ።»

ዓርብ፣ ጳጉሜን 6

አልጠበቁኝም። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አጣዬ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳበት። ጽጌ «አባባ፣ ስምዎ ከዛሬው ዝርዝር የለም፤ ያለዚያ መድኃኒት አይወጣም፤ ከበዓል በኋላ ይምጡ» ብላ መልሳቸዋለች። ባጃጅ ተራው ጋ ወደቁ። ሰዉ ክብሪት እየጫረ ጭሱን አስሸተታቸው። ሁለት የፊት ጥርሳቸው አስፋልቱ ላይ ቀረ። ስደርስ ጽጌ ኪኒኑን ይዛ አጠገባቸው ታለቅሳለች። ለካ ያለ ዝርዝርም ይወጣል።

ማምሻውን ደሳለኝ ለቀቃት፦ «ቡድናችን በፍጥነት አስተካክሏል። መልካም በዓል!» ሐና ጭብጨባ ላከች።

ቅዳሜ፣ መስከረም 1 ቀን 2008

እሳቸው ቤት አደርኩ። ከንፈራቸው አብጧል፤ ከዶሮው የቀመሱት መረቁን ብቻ ነው።

«ያቺን ነገር ማነው የሠራት?» አሉኝ።

«እኛ ነን፣ ጋሼ።»

«ስንት ናችሁ?»

«አምስት።»

ድዳቸውን በምላሳቸው ዳበስ አደረጉ። «ለአንድ ሽማግሌ አምስት! አንድ አይበቃም ነበር?» አሉና ሳቁ፤ ሲስቁ ደም መጣ።

ኪኒናቸውን ውጠዋል፣ ተመስገን። የይለፍ ቃሉን ስጠኝ ብዬ ለደሳለኝ ጽፌያለሁ። ከሰጠኝስ? ብቻዬን ልይዛት ነው?