እኔ ያላጸደቅኩት ስንብት

ለወንድሜ ለነጅሙዲን፣ ጅቡቲ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። ነጅሙዬ፣ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ከመኪና ስትወርድ እንደ ሽማግሌ በሩን እየተደገፍክ ነው? አሚራስ ደህና ናት? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ አወጣች ብለኸን ነበር፤ መናከስ ጀመረች ወይ? የወደቡ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ዘንድ አልሐምዱሊላህ ሁሉም ሰላም ነው። ሙቀቱ ግን ዘንድሮ ከዒድ ወዲህ ልክ አጣ፤ ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ አልተቻለም። ኡሚ ጉልበቷን ያማታል፤ ቢሆንም ደህና ናት በይው ብላኛለችና ደህና ናት። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። አንገሽግሾኛል።

በስልክ የማልነግርህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ስናደድ አፌ አይያዝም፣ አንተ ትስቅብኛለህ፣ ኡሚም ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ትሰማለች። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ወደ እናንተ በባቡር በምትመላለሰው በአያን እጅ ይደርስሃል። በድምፅ የላክልኝን ሰምቻለሁ። ወደብ አብሮኝ የሚሠራው ዑግባድ ሰላምታ ነሣኝ፣ ከአንድ ሳህን በልተን የማናውቅ ይመስል ምሳውን ይዞ ሌላ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ እህትህ እህቴን በእናታችን ሐዘን ላይ ከሥራ አባረረቻት ይላል ብለኸኛል። እውነት ነው ወይ ብለህም ጠይቀሃል። ኧረ ወላሂ ውሸት ነው! ግን ውሸቱ የወጣው በኔ ስም ነው፤ ለዚህ ነው ያንተን ጥያቄ ሰምቼ ያልተቆጣሁህ። ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ የጀመረው የስፌት ፋብሪካችን የድሮ አለቃ ይሳቅ ጡረታ ሲወጣ ነው። ይሳቅ ጧት ገና ከሰርቪስ ስንወርድ ነበር መጮህ የሚጀምረው። በሱ ዘመን ያላለቀሰች ሰፊ የለችም፤ አሁን ሄደ ብዬ አላሞግሰውም። ግን ሲሰድበን እንኳ በስማችን ጠርቶ ነበር። ሰው ሲሞትብን ደግሞ፣ ክርስቲያኑም ቤት እስላሙም ቤት፣ ከኛው ጋር ሰርቪሱ ላይ ተጭኖ ይመጣና ጥግ ይዞ ይቀመጣል። አንድ ቃል አይናገርም። ያ ሰውዬ ዝም ሲል ያየነው ሐዘን ቤት ብቻ ነው።

በሱ ቦታ አየነው የሚባል መጣ። ለስላሳ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፣ ሲያወራህ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። በመጣ በወሩ ሁላችንንም ከዚራ ያለ ሆቴል ሰበሰበንና «ሰው ተኮር አመራር በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዘመን» የሚል ጨርቅ ሰቅሎ ሲያሰለጥነን ዋለ። ለውጥ ይመጣል፣ ማሽን ያግዘናል፣ ማዕከሉ ግን ሰው ነው አለን። «ሰው ይቀድማል» የሚል ቲሸርት አለበሱን። ከዚያ፣ አትሳቅ አደራህን፣ ዓይናችሁን ጨፍኑና ወደ ኋላችሁ ውደቁ፣ ጓደኛችሁ ይይዛችኋል አሉን። መተማመን ለመማር ነው አሉ። እኔ ወደቅኩ፣ ረዳቴ ዓኒሳ ያዘችኝ። ዓኒሳን ሥጋ የላትም እያልክ የምትቀልድባት ልጅ ናት፤ እኔን ተሸክማ መቆሟ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በሳምንቱ ከየመስመሩ በላይ ካሜራ ተተከለ። ማን ስንት እንደሰፋ፣ ማን መቼ እንደተነሣ ያያል፣ ያሰላል፣ ይፈርዳል። አየነው «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ይለዋል፤ ሠራተኛው ግን «ሙሽራው» ብሎ ስም አወጣለት፤ አይነካም፣ አይጠየቅም፣ ሁሉም ያሽቃብጥለታል። ሙሽራው ጨዋ ነው። ድሬ ላይ ቃዲውንም ሐኪሙንም አንተ ስንል ያደግን ሰዎች፣ እሱ እያንዳንዳችንን «እርስዎ» ይለናል። ለሶላት የተነሣችውን ሴት «እርስዎ ያለ ምክንያት ከመስመር ርቀዋል» ብሎ ማስጠንቀቂያ ይልክላታል። በዚህ ዓይነት በዑግባድ እህት በራሕማ ላይ ማስጠንቀቂያ ሲቆለልባት ነው የከረመው። ተናግሬ ነበር። አየነውም ግብዓት ነው ብሎ አመሰገነኝ።

ያኔ ነው እንግዲህ ሹመቱ የመጣው፤ አንተም እህቴ አመራር ሆነች ብለህ ለወደቡ ሰው ሁሉ ያወራኸው። ሲስተሙ ይመክራል፣ ሰው ይወስናል፣ የኛ ልዩነት ይህ ነው አሉ። ያ የሚወስነው ሰው እኔ እንድሆን ታብሌት ሰጡኝ። ሙሽራው የመከረው ይመጣልኛል፤ አንድ ቁልፍ «አጽድቅ»፣ አንድ ቁልፍ «እንደገና ይታይ»። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልደብቅህ። ቢያንስ ሰው ያያል፣ ያውም እኔ አያለሁ ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ጧት ስልኬ ጠራ። ሰፊዎቹ ስልካቸውን ሎከር ውስጥ ቆልፈው ስለሚገቡ ቤተሰብ ችግር ሲገጥመው የሚደውለው ወደኔ ነው። የተደወለው ከቢዮ አዋሌ ነበር፤ የራሕማና የዑግባድ እናት እማማ ቢሻሮ፣ አላህ ይርሐማትና፣ ሞታለች። ጀናዛ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ራሕማን ከማሽኗ ላይ አስነሥቼ እስከ በሩ ድረስ ደግፌ አወጣኋት፤ ሂጂ፣ ፈቃዱን ለኔ ተይው አልኳት። እኛ ዘንድ የቀብር ፈቃድ በአፍ ነው፤ በይሳቅም ጊዜ፣ ከይሳቅም በፊት። እናቷ የሞተችባት ሴት ቆማ ምን ትሞላለች?

በማግሥቱ ታብሌቱ ላይ ቀይ ሆኖ መጣ፦ ያለ ፈቃድ ሥራ ጥላ ወጥታለች፣ አልተመለሰችም፣ ማስጠንቀቂያዎቿም ሞልተዋል፣ ምክረ ሐሳብ ስንብት። «እንደገና ይታይ»ን ነካሁት። ምክንያት ጻፊ አለኝ፤ እናቷ ሞታ ነው፣ የፈቀድኩላትም እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። «ሐዘንዎን እንጋራለን። ማስረጃ ያያይዙ» አለኝና ያንኑ ቀዩን መልሶ አመጣው። ደግሜ ነካሁት፣ ደግሞ መለሰው። አየነው ዘንድ ሄድኩ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰማኝ። ጣልቃ ብገባ ሥልጣንሽን መናቅ ይሆንብኛል፣ እኔ በሰው አምናለሁ፣ ያ ሰው ደግሞ አንቺ ነሽ አለኝ። እንግዲያው አጥፋልኝ ብዬ ብጠይቀው እሱም ዘንድ ማጥፊያ የለም። አየህ? የማይሰረዝ ነገር ሰጥተውኝ ወሳኝ ነሽ ይሉኛል! እኔም ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬለት ወጣሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ካልነካሁት ምን ሊያመጣ ብዬ፣ ከሥራ ስንወጣ ከመስመሩ ሴቶች ጋር ሚኒባስ ይዘን ለተእዚያ ሐዘን ቤቱ፣ ቢዮ አዋሌ ሄድን።

ራሕማ ጎን ነበር የተቀመጥኩት። እጄን ይዛ ነበር። ስለ እናቷ፣ ዑግባድ ለቀብሩ ሳይደርስ መቅረቱ እንደሚቆጨው እያወራችኝ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ስለነበር ለጎረቤታቸው ልጅ አንብቢልኝ ብላ ሰጠቻት። ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችው። መጀመሪያ ሐዘን መግለጫ ነው፤ አየነው የፈረመበት። «ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን» ይላል፣ ለእማማ ቢሻሮ! ድሬ ላይ ቄሱ እንኳ እስላም ቤት ሲገባ አላህ ይርሐማት ብሎ ነው የሚገባው። ሴቶቹ ተያዩ። ልጅቷ ደግሞ ማንበቧን አላቆመችም፤ ሁለተኛ መልእክት ተከትሎ መጥቷል። «ውድ የቤተሰባችን አባል፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተሰናብተዋል። ውሳኔውን ያጸደቁት አመራር፦ ሙኒያ።»

ነጅሙ፣ ራሕማ እጄን ለቀቀችው። አልገፋችኝም፣ አልሰደበችኝም። ለቀቀችው ብቻ። እዚያ የተሰበሰበ ሰው ሁሉ ዓይኑ እኔ ላይ ሆነ፤ አላደረግኩም ብዬ ብምልም ማን ይሰማኛል? ከፊቴ የቀረበው ምግብ ገና አላለቀም ነበር። የገዛ ቤታቸው ምግብ አፌ ውስጥ እያለ ስሜ ሴትዮዋን አባረራት። ለዑግባድ የተደወለለት ያን ጊዜ ነው፤ ልፈርድበት አልችልም።

ጧት ወደ መስመሬ የተመለሰልኝን ታብሌት ስከፍት በተሰጠው ጊዜ ምላሽ ስላልተሰጠ እንደ ጸደቀ ተቆጥሯል ይላል። ለካ ባልነካውም መንካት ነው! አየነው ቢሮ ገብቼ ራሕማን መልስ፣ ስሜንም አንሣ አልኩት። አመራር ማለት የውሳኔን ሸክም መቀበል ነው ብሎ መከረኝ። ይባስ ብሎ በኔ ስም ለራሕማ የሚላክ ይቅርታ ሙሽራውን አስጽፎት ጠበቀኝ፤ «እኔ ሙኒያ፣ ውሳኔዬ የፈጠረብዎትን ስሜት እረዳለሁ» ይላል። ጮክ ብሎ አነበበልኝና ቃናው አይጥምም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቃናው! አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ይሄኛው ጩቤውን እንኳ በእጁ አይዝም፤ ያንተን እጅ ይዞ ይወጋበታል። ይሳቅ ቢያባርራት ኖሮ ፊቷ ቆሞ እየጮኸ ነበር፣ እሷም መልሳ ትረግመው ነበር። ይህን ማን ይረግመዋል? ቲሸርቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለትና ወጣሁ። ከኋላዬ ስሜትሽን አከብራለሁ አለኝ፣ ቱፍ! ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ አልገባሁም።

ራሕማ ከቢዮ አዋሌ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ በሯ ድረስ ሄጄ ነበር። አልዘጋችብኝም፤ ቆማ አየችኝና ልብሷን ማስጣት ቀጠለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰፈራችን ገንደ ቆሬ ላይም ሳልፍ ጨዋታ ይቋረጣል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ፤ የኔ ስም እኔ ሳልሞት ነው የተበላሸብኝ።

ከትናንት በስቲያ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሽሽት ተኝቶ ሳለ፣ በራችን ተንኳኳ። ዓኒሳ ናት፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ በላብና በእንባ ታጥባ። አልነካሁም፣ ወላሂ አልነካሁም ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም። ስልኬን ያኔ ነው ያየሁት። «ውድ የቤተሰባችን አባል ሙኒያ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተሰናብተዋል። ውሳኔውን ያጸደቁት አመራር፦ ዓኒሳ።» በኔ ቦታ ሾመዋታል። ሹመቱን የነገሯት ጧት ነው፤ ታብሌቱን ግን ገና አላስረከቧትም፣ አየነው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል!

መናደድ ነበረብኝ፣ ሥራዬ ነው የሄደው። እኔ ግን ልጅቷን ይዤ አስቀመጥኳት፣ ውኃ ሰጠኋት፣ አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ አልኳት። ከሷ የበለጠ አውቃለሁ። ከዚያ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ በዚያ ፀሐይ እጇን ጎትቼ ራሕማ በር ላይ አቆምኳት።

ራሕማ የኔን ስልክ ተቀብላ አነበበችው። ዓኒሳን አየቻት። ነክተሽዋል ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ ዓኒሳም እንዴት አድርጌ፣ ዕቃው በእጄ አልገባም አለቻት። ራሕማ የራሷን ስልክ አውጥታ ከኔው ጎን ያዘችው። ቃል በቃል አንድ ነው፣ ስሞቹ ብቻ ተቀያይረዋል። ሳቀች፣ ክፉ ሳቅ፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷ ተጨማደደ። ግቡ አቦ፣ ፀሐይ ላይ ምን ትገተራላችሁ አለችን። ስንገባ እጄን ያዘችኝ። ስለ እናቷ ጀምራ የነበረውን ወሬ ካቆመችበት ቀጠለችልኝ፤ እስከ ዐስር ሶላት ተቀምጠን ተላቀስን።

ሥራው አልተመለሰም፣ የራሕማም የኔም። ለሠራተኛ ጉዳይ አቤት ልንል ተስማምተናል፤ ምን እንደሚሉን አላህ ያውቃል። ዓኒሳን፣ አባቷ የሚጦረው በሷ ነውና፣ አትልቀቂ ብያታለሁ፤ ነገ ደግሞ የማን ስንብት በስሟ እንደሚወጣ እየፈራች ነው የምትገባው። አንተን የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ወረቀት ለዑግባድ አንብብለት፣ በራስህ አፍ፣ ፊት ለፊት፣ ምሳውን ይዞ የሚቀመጥበት ጥላ ሥር ሄደህ። አላምንም ካለህ አትቆጣው፤ እህቱ ዘንድ ይደውል፣ እሷ ትንገረው። እናቱን ሳይቀብር የቀረ ሰው ነው፣ ታገሰው።

ለአሚራ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችልኝ ሽቶ ደርሶኛል፣ ኡሚ ግማሹን ወስዳዋለች በልልኝ። ትልቁን ልጅ ቁርኣኑን እንዳይተው ንገረው። ትንሿን ሳትነክስህ ጉንጯን ሳምልኝ። ለጎረቤቶችህ ሁሉ፣ ካላችሁበት ድረስ ሰላም ብያለሁ። ኡሚ ወገቡን ጨርቅ አሙቆ ይሰርበት፣ ማታ ማታም ዱዓ አደርግለታለሁ ትልሃለች። ለዑግባድ ደግሞ አላህ ሶብሩን ይስጥህ፣ የእናትህንም ማረፊያ ጀነተል ፊርደውስ ያድርግልህ ብላለች ሙኒያ በለው።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልመከረኝም፣ ማንም በስሜ አልጻፈልኝም። ያጸደቅኩት እኔ ነኝ።

እህትህ ሙኒያ
ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ሚያዝያ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.