ሃዊ የሰርግ እንግዶችን ያሰለፈችበት ቀን

ለተከበሩ እትዬ ሻሼ፣ መተሐራ

ሰላምታዬ ከሸንኮራው ማሳ ረዝሞ ይድረስዎ። በአዳማ እንደኔ የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ፣ ከማታ ትምህርት ክፍላችን ማለቴ ነው፤ እሱም ከኋላው ወንበር።

የልጄን የሃዊን ነገር ላጫውትዎ። እንደሚያውቁት ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች። ቅዳሜ ወለንጪቲ ሰርግ ሄደን፣ ሰዉ ምግብ ለማንሳት ሲጋፋ ብድግ አለችና «አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ» ብላ አዘዘች። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተሰለፉ። እኔም በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በአጭር ቁመቴ ተጠቅሜ ጥብሱ ጋ ቀድሜ ደረስኩ። ሙሽራው በሳቅ ሊሞት ነበር።

ከተቀመጥን በኋላ «አባዬ፣ ቀልቤሳ እኮ ሦስት ቀን ቀረ» አለችኝ። ቀልቤሳ ተማሪዋ ነው።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሁሉም ቀርቷል» አልኳት።

ፈገግ ብላ ሶፍቱ ላይ የሰኞን ትምህርት መጻፍ ጀመረች። ምግቧንም አጣጥማ ጨረሰች። ቤትም በር ሳንኳኳ እንደ ተማሪዋ «ለምን አረፈድክ? እዚያው ቁም» ትለኛለች። እኔም እቆማለሁ።

ትምህርት ሲዘጋ እንድታርፍ ለሁለት ሳምንት ወደ እርስዎ ልልካት አስቤአለሁ። በሄደችበት ሁሉ የምትይዘውን የተማሪዎች ደብተር ፌስታል እኔ ጋ አስቀረዋለሁ። እኔ ስቆጣት ትስቃለች፤ እርስዎ ሲቆጡ ግን ትበላለች።

ይህን ደብዳቤ አላሳየኋትም፤ በቀይ እስክሪብቶ ታርመዋለች።

ጉልበትዎን በወረቀት የሳመ ታናሽ ወንድምዎ፣
ደገፋ

ከላይ አንድ ነገር ከራሴ ፈጥሬ ጽፌአለሁ፣ እትዬ። የሰርጉን ምግብ ሃዊ አልጨረሰችም። ሳህኗን የጨረስኩላት እኔ ነኝ።