ከዓይናችን የሸሸው አበባ

ልጄ ላዞም፣ የተራራው ጌታ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ በሰው አገር ፊትሽ ይወደድ፣ ቃልሽ ይሰማ። እኛ ደህና ነን፣ ጸጉራሟ ላማችን ያክም ወለደች። አንቺ ግን በስልክ ስታወሪ ታስያለሽ፤ ደርበሽ ልበሺ።

ለሳል መድኃኒት ብለን ሥሩን የምንለቅመው አበባ ድንጋይ እየመሰለ ሲያስቸግረን፣ ጌታው ተቆጥቶ አመድ ነሰነሰበት ብለን ጽድ ስናጤስለት አልነበር? ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ፋንግ በየዓመቱ የለቀመችውን ቅጠል መርምራ፣ አበባውን አረንጓዴ የሚያደርገው ዘረመል የሚሉት በሜዳችን እያነሰ፣ ግራጫ የሚያደርገው እየበዛ መሄዱን አገኘች። ሰው በማይደርስበት ገደል ግን የሁለቱ ድርሻ አልተነቃነቀም።

"ታዲያ ማን ለወጠው?" ብላት እጄን ያዘችና "ይኼ ነዋ፣ እትዬ" አለችኝ።

ለካ እኛ የታየንን ስንነቅል፣ ዘር የሚጥለው ያልታየን ብቻ ነበር። ይህን የሚያህል ሥራ በእነዚህ ጣቶች ሲሠራ መኖሩን ሳስብ እስካሁን ውርር ያደርገኛል።

አጎትሽ ጎንፖ "አበባ ከእኔ ተደብቆ የት ሊደርስ" እያለ ይስቃል፤ የቀሩትን ጥቂት አረንጓዴዎች በመጪው ለቀማ ሊጨርሳቸው ነው። ዘር ሳይጥሉ ከተነቀሉ በሜዳችን ሁለተኛ አረንጓዴ አይበቅልም። እኔን "ፋንግ አዞረችብሽ" ይለኛል፤ አንቺን ግን ይሰማልና እባክሽ ደውዪለት። ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ።

እናትሽ ያንግዞም