ኬሻ የዋጠው ስልኬ

ሠላምዬ፣
ያለሁት ኮኪት፣ ሰሊጥ እርሻው ላይ ነው። የባለ እርሻውን የጋሽ ጌጡን የደረቀ ሰሊጥ ሸራ ላይ ሳራግፍላቸው ስልኬ ከሸሚዝ ኪሴ ወድቆ ኖሮ፣ ከሰሊጡ ጋር ኬሻ ውስጥ ተሰፋልሽ! እኛ ቤት ስልክ ሲጠፋ ሶፋ ይገለበጣል፤ እዚህ ሃያ ሠራተኛ እንደ አዋላጅ ጆሮውን ኬሻ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ጋሽ ጌጡ በራሳቸው ስልክ እየደወሉ፣ "ዝም በሉ፣ እየጠራ ነው!" ይላሉ። ለካ ድምፁን አጥፍቼዋለሁ። የጭነት መኪናው ይዞት ሄደ።

ስልክ የሚያውሰኝ ሞልቷል፤ ግን የማንንም ቁጥር አላውቅም። በቃሌ የቀረው የመሥሪያ ቤትሽ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ብቻ ነው። ልጆቹን ሳሚልኝ። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እማዬ የኔን ቁጥር በቃሏ ነው የምታውቀው፤ ሮጠሽ ደህና ነው በያት። ሦስት ቀን ሙሉ ለሰሊጥ ስትደውል ከርማለች።

ሽመክት