ኢንጂነሮችን በማምረቻው መስመር ላይ ያቆሙት ኢንጂነር ዶንካ ቶቴቫ

ኢንጂነር ዶንካ ራቼቫ ቶቴቫ ከቢላ ሠሪው ከአቶ ራቾ ኮሌቭ እና ከወይዘሮ ጊና ሚንቼቫ፣ በቡልጋሪያ ከጋብሮቮ ከተማ ወጣ ብላ በያንትራ ወንዝ ዳር በምትገኝ መንደር፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1938 ተወለዱ። አባታቸው ከሠሯቸው ቢላዎች ሁለት አንድ ዓይነት አይገኝም ነበር፤ ገበያተኛውም የሚወድላቸው ይህንኑ ነበር። ዶንካ ግን ገና በዘጠኝ ዓመታቸው፣ “አባዬ፣ የዚህ እጀታ ለዚያኛው የማይሆነው ለምንድን ነው?” እያሉ ያስቸግሯቸው ነበር። አቶ ራቾም ለጎረቤት፣ “እኔ ሴት ልጅ ወለድኩ ስል ለካ አለቃ ነው የወለድኩት!” ይሉ ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ የሁለተኛ ደረጃውን በጋብሮቮ ካጠናቀቁ በኋላ፣ ወደ ሶፊያ ሄደው በ1961 በመካኒካል ምህንድስና ተመረቁ። በክፍላቸው ከነበሩት ስልሳ ተማሪዎች ሴቶቹ አራት ብቻ ነበሩ። እንደተመረቁም በጋብሮቮ የልብስ ማጠቢያ ሞተር በሚያመርት ፋብሪካ ተቀጠሩ።

በ1963 ከሙዚቃ መምህሩ ከአቶ ቪዲዩ ቶቴቭ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ዝላትካንና ሚንቾን ወልደዋል። የወጥ ቤቱን ዕቃ አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ከቀያየሩ በኋላ፣ አራቱም የቤተሰቡ አባላት ባኒጻ የሚባለውን የአይብ ቂጣቸውን በልተው በስድስት ደቂቃ ከቤት ይወጡ ጀመር። አቶ ቪዲዩ፣ “ቤቴን ፋብሪካ አደረገችው፤ ደግነቱ ዘፈን አልከለከለችም” እያሉ ወዳጆቻቸውን ያስቁ ነበር።

በ1967 ፋብሪካው በዓመት ከአራት ሺህ ወደ ስልሳ ሺህ ሞተር እንዲያድግ ታዘዘ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከየአሥሩ ሞተር ሦስቱ ተበላሽቶ ይመለስ ነበር። ንድፍ አውጪዎቹ ንድፉ ትክክል ነው አሉ፤ ጥፋቱም በሠራተኛው ላይ ተላከከ። ኢንጂነር ዶንካ ግን የሠራተኛ ቱታ ለብሰው ለሦስት ሳምንት መስመሩ ላይ ቆሙ። ዋናው ንድፍ አውጪ በመተላለፊያው ሲያልፉ፣ “ምነው ዶንካ፣ ዲፕሎማሽን ቀሙሽ እንዴ?” ቢሏቸው፣ “ዲፕሎማዬማ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጥፋቱን ግን እዚያ ፈልጌ አጣሁት” ብለው መለሱ።

ፍንጩን የሰጠቻቸው የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ የምትገጥመው ስቴፋና ነበረች። “የጠዋቱ ዘንግ ሰተት ብሎ ይገባል፤ የከሰዓቱ ግን በመዶሻ ካልሆነ እምቢ ይላል” አለቻቸው። ይህን ስትል ዓመት ሙሉ የሰማት አልነበረም። ዘንጉን የሚቀርጸው የቶርኖ ማሽን መቁረጫ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ እየዶለደመ፣ ዘንጉ በፀጉር ስንጥቅ ያህል እየወፈረ ይመጣ ኖሯል። ኢንጂነር ዶንካ ከየሃምሳው ዘንግ አንዱ እንዲለካ፣ መቁረጫውም ከመዶልዶሙ በፊት እንዲቀየር አደረጉ። በአራት ወር ውስጥ የሚመለሰው ሞተር ከየሁለት መቶው አንዱ ብቻ ሆነ። የስቴፋና ስምም በእሳቸው ጥያቄ ከሪፖርቱ ላይ ቀድሞ ተጻፈ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ማንኛውም አዲስ ኢንጂነር የንድፍ ጠረጴዛ ከመንካቱ በፊት ስድስት ሳምንት መስመሩ ላይ እንዲቆም አስወሰኑ። ሰዓት ይዞ የሥራውን ምት መቁጠርን፣ ከሁሉ የሚዘገየውን ቦታ መፈለግን፣ ዕቃው ተገልብጦ እንዳይገባ መያዣውን ራሱን ማስተካከልን አስተማሩ። “አንድ ሞተር መሥራት ጎበዝ ሁሉ ይችላል። ሺህኛውን እንደ መጀመሪያው ስትሠሩ ነው ኢንጂነር የምትባሉት” ይሏቸው ነበር። እያንዳንዱም የነደፈውን ዕቃ ሦስት መቶ ጊዜ በገዛ እጁ ይገጣጥም ነበር። ይህን የምጽፈው የእህታቸው ልጅ በ1984 ተራዬ ደርሶ፣ መቶ አርባኛው ላይ ጣቴ ደምቶ፣ “አክስቴ፣ ይበቃል” ብል፣ “እዚህ አክስት የለህም። ጣትህን ያደማውን ብሎን የነደፈው ማን ነው?” አሉኝ። የነደፍኩት እኔ ነበርኩ። በማግስቱ ቀየርኩት።

በ1993 ፋብሪካው ሊዘጋ ተቃረበ። ስምንት መቶ ሰው ሥራ ሊፈታ ነው። ሊገዛው የመጣው የውጭ ድርጅት በችሎታችን አላመነምና አንድ ፈተና ሰጠ፦ በሠላሳ ቀን አሥራ ሁለት ሺህ ሞተር፣ ከአሥራ ሁለት ያልበለጠ ብልሽት። ኢንጂነር ዶንካ የጡረታ ደብዳቤያቸው ከደረሳቸው ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ስቴፋና ቤታቸው ድረስ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። “ዶንካ፣ ጡረታው የትም አይሄድም። ቱታሽን አንሺና ነይ” አለቻቸው።

ያሠለጠኗቸውን አሥራ ዘጠኝ ኢንጂነሮች ጠርተው ከሠራተኛው ጎን አቆሙ። በአሥራ አንደኛው ቀን አዲስ የመጣው የመዳብ ሽቦ ልባሱ እየተላጠ መሆኑ ሲታወቅ፣ መስመሩን ሙሉ ቀን አስቆሙት። ሥራ አስኪያጁ፣ “በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፣ ጊዜ የለንም!” ብለው ለመኗቸው። እሳቸውም፣ “ያስቆምኩትን እኔው አስነሳዋለሁ። ከበር የወጣውን ብልሽት ግን ማን ሮጦ ይይዘዋል?” ብለው ጸኑ። በሃያ ዘጠነኛው ቀን የመጨረሻው ሞተር ተጠናቀቀ። የውጭው መርማሪ አምስት ቀን ለክቶ ያገኘው ብልሽት ሰባት ብቻ ነበር። እንዴት እንደቻሉ ሲጠይቅ፣ “የጋብሮቮ ሰው በቆንቋናነቱ የታወቀ ነው፤ አንዱን ዕቃ ሁለቴ መሥራት ያንገበግበዋል” አሉት። ውጤቱ የተነገረበት አዳራሽ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ስምንት መቶውም ሰው በሥራው ላይ ቆየ።

ድርጅቱ በቀጣዩ ዓመት የማሠልጠኛ ክፍል ከፍቶ ኃላፊነቱን ሰጣቸው። እስከ 2011 ድረስ ከቡልጋሪያ፣ ከሰርቢያና ከሩማንያ የመጡ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ኢንጂነሮችን አሠልጥነዋል። ባለቤታቸውን አቶ ቪዲዩን በ2009 በሞት ተነጥቀዋል።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 17 ቀን 2021 በተወለዱ በ83 ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐርፈዋል። ኢንጂነር ዶንካ የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ራይና በዚህ ሳምንት በዚያው ፋብሪካ አዲስ ኢንጂነር ሆና ሥራ ጀምራለች፤ ዛሬ ከቀብር በኋላ መስመሩ ላይ የከሰዓት ፈረቃ ስላላት ቀድማን ብትነሳ ይቅርታ አድርጉላት።

የድካማችንን ልክ የሚያውቅ አምላክ የዶንካን ነፍስ በብርሃኑ ያሳርፍልን፤ መታሰቢያቸውም ዘላለማዊ ይሁን።